የደቡብ ዋልታ ብርሃንን ለማየት፦ ቦታውን፣ ወሩንና ሰዓቱን እንዴት እንምረጥ?

ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2024) ቅዳሜ ማታ ነበር። የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ስለሆነ ሜልበርን ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ ከልጆቹ አንዱ ከጓሮ ሮጦ ገባና «ሰማዩ ሮዝ ሆኗል!» አለን። ወጥተን ስናይ እውነቱን ነው። ከጎረቤት ጣሪያ በላይ፣ በደቡብ በኩል፣ ሰማዩ የተገመሰ ዘይቱን መስሏል። ሲኒ እንደያዝን ቆመን ቀረን።

ሰማዩን ያቀላው ከፀሐይ የተነሳ መግነጢሳዊ ማዕበል ነበር፤ በጥንካሬ መለኪያው የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2003 ወዲህ አቻ ያልነበረው ነው። በሰሜን በኩል እስከ ኩዊንስላንድ ድረስ ታይቷል። እንዲህ ያለው በሃያ ዓመት አንዴ ይገጥማል። ከዚያ ማታ ወዲህ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፤ ጓሮ ድረስ እስኪመጣልኝ ከመጠበቅ ሄጄ መፈለግ ጀመርኩ። ሆን ብሎ ለማየት የሚወጣ ሰው ቀኑን አስቀድሞ ሊቆርጥ አይችልም። የሚችለው እያበጠሩ ማጥበብ ነው፤ መጀመሪያ ቦታውን፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ከዚያ ሳምንቱን፣ ከዚያ ሌሊቱን፣ በመጨረሻም ሰዓቱን። ከዚህ በታች በዚሁ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

1. ቦታውን ምረጡ፤ ካርታ ላይ ያለው ደቡብ አያታልላችሁ

ብዙ ሰው «የደቡብ ብርሃን ከሆነ ወደ ደቡብ በራቅሁ ቁጥር ይሻለኛል» ብሎ ያስባል። ከዚህ ሐሳብ የተነሳ ብዙ ገንዘብ ባክኗል።

ይህ ብርሃን፣ በተለምዶ አውሮራ የምንለው፣ የሚፈጠረው ከፀሐይ የሚነፍሰው በኤሌክትሪክ የተሞላ ነፋስ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲያናውጥና ኤሌክትሮኖች የመስኩን መስመር ተከትለው ወርደው ከአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ ነው። አረንጓዴው ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ካለ ኦክስጅን፣ ቀዩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ካለው ይወጣል። ብርሃኑ በዋልታው ዙሪያ እንደ ቀለበት ይከባል። የቀለበቱ መሐል ግን ካርታ ላይ የምናየው የደቡብ ዋልታ ሳይሆን መግነጢሳዊው ዋልታ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ አውስትራሊያ በኩል አጋድሏል። ስለዚህ ቀለበቱ ለታዝማኒያና ለደቡብ ኒውዚላንድ ይቀርባል፤ ከደቡብ አሜሪካ ይርቃል። የታዝማኒያ ዋና ከተማ ሆባርት በ43 ዲግሪ ደቡብ፣ የአርጀንቲናዋ ኡሽዋያ በ55 ዲግሪ ደቡብ ገደማ ይገኛሉ። ለአውሮራ ግን ሆባርት ኡሽዋያን በብዙ ትበልጣለች።

በነገራችን ላይ፣ እኛ አገር ይህ ብርሃን የማይታየው በዚሁ ምክንያት ነው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ አዲስ አበባ ላይ ኦብዘርቫቶሪ ሲቋቋም ቦታውን ተፈላጊ ያደረገው ይኸው ቅርበት ነበር። ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ወገኖችም ከኬፕታውን ማየት በጣም ብርቅ መሆኑን እወቁት። ወደ አንታርክቲካ የሚሄዱት የሽርሽር መርከቦች ደግሞ የሚጓዙት ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው፤ ከዚያ ጊዜ በአብዛኛው እዚያ ሌሊቱ በደንብ አይጨልምም። ለፔንግዊንና ለበረዶ ተራራ ከሆነ ሂዱ፤ ለአውሮራ ብላችሁ ግን አትክፈሉ።

እንግዲህ የሚቀሩት ሦስት ናቸው።

ታዝማኒያ ለእኔ አንደኛ ናት። ከሜልበርን ሆባርት በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። መኪናችሁን ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ከጂሎንግ ወደ ዴቮንፖርት የሚሻገር መርከብ አለ፤ ማታ ተሳፍራችሁ ጠዋት ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ሆባርት የሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው።

ሁለተኛው የኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ታችኛው ጫፍ ነው፦ ኢንቨርካርጊል፣ ብላፍ፣ ካትሊንስ የሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ የደኒደን ከተማ አጠገብ ያለው የኦታጎ ልሳነ ምድር። ከብላፍ በጀልባ አንድ ሰዓት ተሻግሮ የምትገኘው ስቱዋርት ደሴት ግን ከሁሉም ትጨልማለች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የጨለማ ሰማይ መጠበቂያ ተብላ ዓለም አቀፍ ዕውቅና አግኝታለች። ማኦሪዎች ራኪዩራ ይሏታል፤ ስሙን ብዙዎች የሚተረጉሙት «የሚያበራ ሰማይ» ብለው ነው። ባሕሩ ኃይለኛ ነውና ሆዳችሁ የሚናወጥ ከሆነ መድኃኒት ያዙ።

ሦስተኛው የቪክቶሪያ ጠረፍ ነው፤ ኬፕ ሻንክ፣ ፊሊፕ ደሴት፣ ዊልሰንስ ፕሮሞንቶሪ። ሜልበርን ለምንኖረው ከሥራ መልስ ነድተን የምንደርስበት ስለሆነ ጥቅሙ ትልቅ ነው። የሚታየው ግን ማዕበሉ ሲበረታ ብቻ ነው።

2. ወሩን ምረጡ

ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው የወቅቱ መገልበጥ ግራ ያጋባዋል፤ እኛን ግን ያን ያህል አያስቸግረንም። እዚያም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ክረምት ነው። በሰኔ ሆባርት ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ሌሊቱ 15 ሰዓት ይረዝማል። የአውስትራሊያ ትምህርት ቤቶች ረጅሙ ዕረፍት፣ ፈረንጆቹ ገናና የእኛው ገና የሚውሉበት ወቅት፣ በተቃራኒው ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ሰማዩ በደንብ የሚጨልመው 5 ሰዓት አካባቢ ነው። ልጆች ዕረፍት ላይ ናቸው ብላችሁ በጃንዋሪ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ሁለት ጊዜዎች ደግሞ የተለየ ዕድል አላቸው፦ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸው የመጋቢትና የመስከረም ሳምንታት። ያኔ የምድር መስክ ከፀሐይ ነፋስ መስክ ጋር በቀላሉ ሊያያዝ በሚችልበት አቅጣጫ ላይ ስለሚሆን መካከለኛ ነፋስ እንኳ ማዕበል ያስነሳል። እኔ ዓመት ላይ አንድ ጉዞ ብቻ ቢፈቀድልኝ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያለውን እመርጣለሁ። ሌሊቱ በቂ ርዝመት አለው፣ ብርዱም አጥንት አይሰብርም።

የዓመታቱ ነገርም አለ። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ እየበረታች እየደከመች ትዞራለች። አሁን ያለው 25ኛው ዑደት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ጀምሯል፤ በኦክቶበር 2024 ናሳና ኖዋ የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ፀሐይ ወደ ከፍተኛው ምዕራፍ መግባቷን አስታውቀዋል። ከፍታው ካለፈ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታትም መልካም ስለሆኑ «አመለጠኝ» ብላችሁ አትተዉት።

3. ሳምንቱን በጨረቃ ቁረጡ

ይህ አጭር ነው። ሠርቀ ጨረቃ የሚውልበትን ቀን ፈልጉና ከእሱ በፊትና በኋላ ባሉት አምስት አምስት ቀናት ውስጥ ሂዱ። ሙሉ ጨረቃ ደካማውን ብርሃን ትውጠዋለች። ያ የግንቦት ማዕበል እንዲያ የደመቀልን ሠርቀ ጨረቃ ካለፈ ሦስት ቀን ብቻ ስለነበር ጭምር ነው።

ቢያንስ አራት አምስት ሌሊት እንድታድሩ አድርጋችሁ ያዙ። ለአንድ ሌሊት ብሎ መሄድ ለደመና መገዛት ነው።

4. ሦስት ቀን ሲቀር ትንበያውን መከታተል ጀምሩ

ፀሐይ ላይ ትልቅ ፍንዳታ ሲደርስ የሚወረወረው የጋዝ ደመና ምድር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይወስድበታል። ትንበያው የሚሠራው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሁለት ተቋማትን ብትከታተሉ ይበቃችኋል፤ የአውስትራሊያ ሜትሮሎጂ ቢሮ የጠፈር አየር ጠባይ አገልግሎትና በኮሎራዶ የሚገኘው የአሜሪካው የኖዋ የጠፈር አየር ጠባይ ትንበያ ማዕከል። የአውስትራሊያው የአውሮራ ማስጠንቀቂያ በኢሜይል በነፃ ይልካል፤ ተመዝገቡ።

እነሱ ዘንድ ደጋግማችሁ የምታዩት ኬፒ የሚባል ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 9 ይሄዳል፤ ሦስት ሦስት ሰዓት እየተከፈለ ይሰጣል። በግምት እንዲህ ያዙት፦ ኬፒ 5 ሲሆን ከደቡብ ታዝማኒያ ወይም ከስቱዋርት ደሴት ጨለማ ቦታ ካሜራ ይይዘዋል፤ 6 እና 7 ሲደርስ እዚያው በዓይን ይታያል፤ ለቪክቶሪያ ጠረፍ 7 እና ከዚያ በላይ ጠብቁ። ኬፒ 9 ሲሆን ልጆች ከጓሮ እየሮጡ ይገባሉ።

ኬፒ ግን የሦስት ሰዓት መለኪያ ስለሆነ ለውሳኔ ይዘገያል። ማታ ላይ መነሳት አለመነሳታችሁን የሚወስኑት ሁለት ሌሎች ቁጥሮች ናቸው። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወደ ፀሐይ በኩል የቆሙ ሳተላይቶች የፀሐይን ነፋስ እኛ ጋ ሳይደርስ ይለኩታል። የመጀመሪያው ቁጥር የነፋሱ ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል፣ 800 ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ አላችሁ ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ቢዜድ ይባላል፤ የነፋሱ መስክ ወደ ሰሜን ወይስ ወደ ደቡብ ማዘንበሉን ይናገራል። ከዜሮ በላይ ከሆነ በሩ እንደተዘጋ ነው፤ ነፋሱ ምንም ቢፈጥን ብዙ አይሆንም። ከዜሮ በታች ሲወርድ በሩ ይከፈታል። የእኔ ደንብ ቀላል ነው፦ ቢዜድ ከአሉታዊ 10 (-10) በታች ወርዶ ግማሽ ሰዓት ከቆየና ፍጥነቱ ከ500 ካለፈ የመኪና ቁልፍ አነሳለሁ።

5. ሰዓቱን ሦስቴ ቁጠሩ

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ትልቁ ወጥመድ ይኼ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የጠፈር ትንበያ የሚወጣው በብዛት ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ሆባርትና ሜልበርን ከዚያ በ10 ሰዓት ይቀድማሉ፤ ከኦክቶበር መጀመሪያ እሑድ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ እሑድ ደግሞ በ11። ኒውዚላንድ በ12፣ በበጋ በ13። በዚህ ላይ እኛ በቤታችን ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው።

መጀመሪያ ሆባርት የሄድኩ ጊዜ ትንበያው ከ9፡00 እስከ 12፡00 ኬፒ 7 ይል ነበር። 12፡00 የሚለውን እኩለ ሌሊት ብዬ ተረዳሁትና ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ባሕር ዳርቻው ስደርስ ሰዎች የካሜራ ማቆሚያቸውን እያጣጠፉ ነበር። አንዲት ሴትዮ በካሜራዋ ያነሳችውን አሳየችኝ፤ ከአድማሱ የተተከሉ ቀያይ ዓምዶች። ያን መንገድ ሁሉ ሄጄ ያየሁት በሰው ስክሪን ላይ ነው። ትንበያው የሚለው በዩቲሲ ነበር፤ ወቅቱ ሰኔ ስለነበር በሆባርት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ወረቀት ላይ ሦስቱንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ፦ የትንበያው፣ ስልኬ ላይ ያለው፣ በእኛ አቆጣጠር። አራተኛ ረድፍ ከፈለጋችሁ የአዲስ አበባን ጨምሩ፤ በዚያ ምሳሌ አዲስ አበባ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ነበር፣ እናት ምሳ አቅርባ ስልክ የምታነሳበት ሰዓት።

6. መቆሚያችሁን በቀን እዩት

አውሮራ ከታዝማኒያ ሲታይ በአብዛኛው ከራሳችን በላይ አይደለም፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በደቡብ አድማስ ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው። ስለዚህ ወደ ደቡብ አንድ ኮረብታ ቢጋርዳችሁ ሁሉ ነገር ያበቃል። ከፊታችሁ ባሕር፣ ከጀርባችሁ ከተማ፤ ሌላው ዝርዝር ነው።

ሆባርት ላይ ይህን የሚያሟላው ሳውዝ አርም የሚባለው ልሳነ ምድር ነው። ከከተማው 40 ደቂቃ ያህል ይነዳል። ጎት ብላፍ የሚባለው ከፍ ያለ ማያ ስቶርም ቤይን ፊት ለፊት ይመለከታል፤ የከተማው ብርሃን ከጀርባ ይቀራል። ገደል ስለሆነ ግን ልጆች ካሉ ወደ ታችኛው አሸዋ ውረዱ። ኩናኒ ወይም ዌሊንግተን የሚባለው 1,271 ሜትር ተራራ ፎቶ ላይ ያምራል፤ በክረምት ግን መንገዱ በበረዶ በተደጋጋሚ ስለሚዘጋ እኔ እቅዴን በእሱ ላይ አልመሠርትም። ብሩኒ ደሴት ከሁለቱም ይጨልማል፤ የመጨረሻው ጀልባ የሚነሳው ምሽት ላይ ስለሆነ እዚያው ማደሪያ ያዙ። ከሁሉም የሚርቀው ኮክል ክሪክ ነው፣ የአውስትራሊያ እጅግ ደቡባዊው የመኪና መንገድ የሚያልቅበት፤ መጨረሻው ኮረኮንች ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዳችሁ የት እንደምታቆሙ፣ በየት እንደምትወርዱ፣ ማዕበሉ አሸዋውን እስከ የት እንደሚያርሰው እዩ። ስልካችሁ ኔትወርክ ያገኝ እንደሆነም ሞክሩ፤ ቢዜድን የምትከታተሉት በእሱ ነው።

ደመናን በተመለከተ የሳተላይት ምስል ተመልከቱ እንጂ «ከፊል ደመናማ» የሚለውን ቃል አትመኑ። ዋናው ከራሳችሁ በላይ ያለው ሰማይ አይደለም፤ የደቡቡ አድማስ ነው። የታዝማኒያ ደቡብ ምዕራብ ዝናብ የማያጣው አካባቢ ነው፤ ምሥራቁ ተራሮቹ ስለሚከልሉት ደረቅ ነው። ሆባርት በደመና ከተዘጋች ወደ ምሥራቁ ጠረፍ መንዳት ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

7. መንገድና ስንቅ

ታዝማኒያ ላይ ከመሸ በኋላ መንገዱ የእንስሳት ነው። ዋላቢ፣ ዎምባትና ፖሰም ድንገት ይገባሉ። ከፍጥነት ገደቡ በታች ንዱ። መኪናው የኪራይ ከሆነ ደግሞ ውሉ በሌሊት የሚደርስ የእንስሳት ግጭትን ይሸፍን አይሸፍን ሳትነሱ አንብቡ።

ነፋሱ ከባሕር ስለሚመጣ የቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ሌላ ነው። ከጃኬቱ ላይ ጋቢ የሚደርብ ሰው እንደማይጸጸት ከራሴ አውቃለሁ። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ ቆሎ በኪስ። መጋቢት ብዙውን ጊዜ ጾም ላይ ስለሚውል በሶም ጥሩ ነው። የግንባር ባትሪ ስትይዙ ቀይ መብራት ያለውን ምረጡ፤ ነጭ መብራት የእናንተንም የጎረቤታችሁንም ዓይን ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መኪናችሁን ስታቆሙ፣ በኋላ ስትነሱ ፋናው በሰው ላይ እንዳያበራ አዙራችሁ አቁሙ።

8. ቆማችሁ ምን ትፈልጋላችሁ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ ፎቶ ላይ ያየውን ቀለም ይጠብቃላ። ዓይናችን በጨለማ ቀለም አይለይም። መካከለኛ አውሮራ ለዓይን ነጣ ያለ፣ ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ያለ የጉም ቅስት ነው። ልዩነቱ መንቀሳቀሱ ነው፤ ቅስቱ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ዓምዶች ይነሱና ቀስ እያሉ ወደ ጎን ይሄዳሉ። ቀይና አረንጓዴው ለዓይን የሚወጣው ሲበረታ ነው።

ጥርጣሬ ካደረባችሁ ስልካችሁን ድንጋይ ላይ ደገፍ አድርጋችሁ በናይት ሞድ ወደ ደቡብ 10 ሰከንድ አንሱ። የከተማ ብርሃን ብርቱካናማ ሆኖ እዚያው ይቆያል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ብትደግሙት ያው ነው። አውሮራ ቅርጹን ይለውጣል። ከፍ ብለው የሚታዩት ሁለት የጥጥ ንጣይ የሚመስሉ ነገሮች ማጀላን የሚባሉ ጋላክሲዎች ናቸው፤ ደመናም አውሮራም አይደሉም። ካሜራ ላላችሁ፦ ማቆሚያ፣ ሰፊ ሌንስ፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ ከ1600 እስከ 3200፣ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ። ትኩረቱን በእጅ አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ አስተካክሉ። ዓምዶቹ ፈጥነው ሲሄዱ ሰከንዱን ቀንሱ፤ አለበለዚያ ተለቅልቆ ይወጣል።

ደቡብን ለማግኘት ኮምፓስ ካጣችሁ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ፈልጉ። የመስቀሉን ረጅም ቋሚ በእግሩ በኩል አራት እጥፍ ተኩል አስረዝሙትና ከደረሳችሁበት ነጥብ ቀጥታ ወደ አድማስ ውረዱ።

ከሁሉም በላይ ቆዩ። አውሮራ በማዕበል በማዕበል ይመጣል፤ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ፈክቶ ይደበዝዛል፤ ቢዜድ አሉታዊ እንደሆነ እስከቆየ ድረስ ተመልሶ የመምጣት ዕድል አለው። ሳውዝ አርም ላይ ለሁለተኛ ጊዜ በሄድኩ ማታ የመጀመሪያው ሲከስም ከአጠገቤ የነበሩት ሁለት መኪኖች ሄዱ። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ 40 ደቂቃ ቆየሁ። ከዚያ ቅስቱ ሰፋ፣ ከአድማሱ እስከ መስቀሉ የሚደርስ ቀይ መጋረጃ ወጣ፣ በእርጥቡ አሸዋ ላይም ጥላው ቀላ።

ማደሪያችሁ ስትደርሱ ከመተኛታችሁ በፊት ቀኑን ጻፉ። ማዕበሉ ከፍንዳታ ሳይሆን ኮሮና በሚባለው የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ ላይ ካለ ቀዳዳ ከሚወጣ ፈጣን ነፋስ የመጣ ከሆነ፣ ፀሐይ ከምድር ሲታይ በ27 ቀን ገደማ አንዴ ስለምትዞር ያ ቀዳዳ ተመልሶ ወደ እኛ ሊያነጣጥር ይችላል። 27 ቀን ቆጥራችሁ ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ጨረቃዋ ከዚያ ቀን ጋር ትገጥም እንደሆነም እዩ።